ደምሌ የሠራው ጋቢ

እኔ ጋቢ አልለብስም። ታኅሣሥ ገብቶ ብርዱ አጥንት ሲሰብር እንኳ አሮጌ ካፖርቴን ደርቤ እወጣለሁ እንጂ ጋቢ ትከሻዬ ላይ አይወጣም። ልጆቼ ለበዓል እየገዙ ያመጡልኛል፤ እኔም ተቀብዬ፣ መርቄ፣ ሲሄዱ ለደብሩ ነዳያን እሰጠዋለሁ። ልጆቼ «አባባ ኩሩ ነው» ይላሉ። ጎረቤቶቼ ደግሞ «አያ አንማው በስተርጅና ከተሜ ሆነ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ምክንያቱን የምታውቀው ባለቤቴ የሻረግ ብቻ ነበረች፤ እሷም ካረፈች ሰነበተች። አሁን እኔም መሄጃዬ ቀርቧል። ሳልናገረው ብሞት ነገሩ አብሮኝ ይቀበራል፤ እሱ ደግሞ ሁለተኛ ጥፋት ይሆንብኛል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የምታመሰግኑበት ቦታ አታገኙም። የሚመሰገን ሰው ካለ አንዲት መነኩሴ ናቸው።

ነገሩ የሆነው በጣልያን ጊዜ ነው፤ ጣልያን በገባ በሦስተኛው መኸር። የዛሬዋ ፍኖተ ሰላም ያኔ ወጀት ነበር የምትባለው። የእኛ መንደር ከወጀት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ገባ ብሎ ነው። ጣልያኑ ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል፤ ጫካው የአርበኛ ነው፤ እኛ መካከል ላይ ሆነን እናርሳለን። እኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። የሻረግን ካገባሁ ሰባት ወር ሆኖኛል። አባቴ ጎጆ መውጫ ብሎ አንዲት ማሳ ቆርሶ ሰጥቶኝ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ጤፍ ዘርቻለሁ። ነጭ ጤፍ ነው፣ አምሮበታል። በዚያ ዓመት ከዚያ ጤፍ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አገር መወረሯ እንኳ ትዝ የሚለኝ ጣልያኑ እህል አምጡ ሲል ብቻ ነበር።

እህሉን የሚሰበስብለት ጓንጉል የሚባል የመንደራችን ሰው ነው። ከየአውድማው እየሰፈረ ወደ ቡሬ ያስጭናል። ሰው አይወደውም፣ ግን ማንም አይናገረውም። አንድ ማክሰኞ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ወንዙ መሻገሪያ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወድቆ አገኙት። ጩኸታቸው እስከ እኛ ማሳ ድረስ ተሰማ።

ረቡዕ ቀበርነው። ከቀብሩ ሳንበተን የቡሬው ሻለቃ ከነወታደሮቹ ደረሰ። ሻለቃው ብዙ አልተናገረም፤ አስተርጓሚው ነው የነገረን። «ገዳዩን እስከ ዐርብ ካላወጣችሁ፣ የመንደሩን ክምር ሁሉ አቃጥላለሁ ይላል።» የቆመው ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደየክምሩ ላከ። እኔም ልኬአለሁ። የኔ ክምር አውድማው ዳር ናት፣ ከሁሉ ታንሳለች፣ ከቆምኩበት ትታየኛለች።

ያን ጊዜ ግራዝማች አዱኛ ወደፊት ወጣ። የአገሩ ሽማግሌ፣ ባለ ብዙ በሬ፣ ቃሉ የማይመለስ ሰው ነው። ድሮ አንቱ ነበር የምለው፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንተ ብዬዋለሁ፣ ነገሩ ከሆነ ሰባ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ ይበቃዋል። «ለእኛ ይተዉልን» አለ ለሻለቃው። «በአገራችን ደንብ አፈርሳታ ተቀምጠን እናወጣዋለን።» ሻለቃውም ተስማምቶ፣ ጥቂት ወታደሮች ትቶብን ወደ ቡሬ ተመለሰ።

አፈርሳታ ምን እንደሆነ ለማታውቁት ላስረዳ። ጥፋት ሲደርስና አጥፊው ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአካባቢው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ፣ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ ገለል ብሎ ለሽማግሌዎች የሚያውቀውን በጆሮ ይናገራል። የተናገረው ሰው ስሙ አይጠራም፤ «ወፍ እንዲህ አለች» ተብሎ ብቻ ይነገራል። በደንቡ ወፏን የሚሰሙ ሽማግሌዎች ሦስት ናቸው። ያን ቀን ግን ግራዝማች «በዚህ ክፉ ዘመን ሦስት ጆሮ ይበዛል፣ ወፏ ትፈራለች። ብቻዬን እሰማለሁ» አለ። እኛም እሽ አልን። ለግራዝማች እሽ ከማለት ሌላ ነገር ብለን አናውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት ተቀመጥን፣ ምንም አልወጣም። ሐሙስ ማለዳ ተመልሰን ተቀመጥን። ረፋዱ ላይ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ጠቆረ። ያልተወቃ ጤፍ ዝናብ ከመታው ምን እንደሚሆን ገበሬ የሆነ ያውቀዋል። ሜዳው ላይ የተቀመጠው ወንድ ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ደመናውን ነው የሚያየው፤ ስለ ጓንጉል የሚያስብ አንድ ሰው አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረቤቴ «አሁን አንድ ሰው ቢናገርና ብንሄድ ምን ነበረበት» አለ። ማን እንደሚናገርና ምን እንደሚናገር ግድ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም።

ከቀትር በኋላ ተራዬ ደረሰ። ግራዝማች ከግራዋ ቁጥቋጦ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ልጡ ያልተላጠ የክትክታ ዱላ ይዞ አፈሩን ይቧጥጣል።

«አንማው፣ ምን አየህ?»

«ኧረ እኔ ምንም አላየሁ፣ ግራዝማች።»

«ማሳህ ከመሻገሪያው በላይ አይደለም? ማክሰኞ እዚያ ስታጭድ አልዋልክም?»

«ውያለሁ።»

«ደምሌ ሸማኔው ሲሻገር አላየኸውም?»

አይቼዋለሁ። ከቀትር በኋላ የተጠቀለለ ነገር በትከሻው ይዞ ወደ መንደር ሲሻገር አይቼዋለሁ። «አይቻለሁ» አልኩ።

«በቃ። ይኸው ነው።»

«ግን ግራዝማች…»

«ግን ምን?» ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። «ጤፍህን አልወቃህም አሉ። ይኸ ደመና ደግሞ ደስ አይልም።»

ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ነው የኔ ነገር ሁሉ። ደምሌ በትከሻው የያዘው ምን እንደነበር፣ ከተሻገረ በኋላ የት እንደዋለ፣ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ወንድ እዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም። በኋላ ላይ አላሰብኩትም ነበር እያልኩ ራሴን ላታልል ሞክሬያለሁ። ውሸት ነው። አስቤዋለሁ፤ አስቤው ነው ተነሥቼ የሄድኩት።

ትንሽ ቆይቶ ግራዝማች ከቁጥቋጦው ጀርባ ወጣ። «ወፍ ደምሌን አለች» ብሎ ተናገረ። «አንድ ወፍ ብቻ አይዶለችም፣ ብዙ ናት።»

ደምሌ ከሁላችንም ጀርባ፣ ብቻውን ነበር የተቀመጠው። የሸማኔ ነገር እንደዚያ ነበር፤ የሠራውን እንለብሳለን፣ አጠገቡ ግን አንቀመጥም። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ዓይኑ ከድርና ማግ ብዛት የደከመ ሰው ነው። ብድግ አለና ዙሪያውን ተመለከተ። «እኔ? ጓንጉል ምን አድርጎኝ?» አለ። አልጮኸም። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ወደ እኔ ብቻ። የምናገር መስሎት ነበር። እኔ ደመናውን እያየሁ ነበር።

ወታደሮቹ በገዛ ኩታው እጁን አስረው ወሰዱት። ሰውም ከሜዳው ተነሥቶ ወደየአውድማው ሮጠ። አዎ፣ ሮጠ፤ እኔም ሮጥኩ።

ዐርብ ማለዳ ከጎረቤት በሬ ጨምሬ ማበራየት ጀመርኩ። ብርድ ስለነበር አዲሱን ጋቢዬን ደርቤያለሁ። በሬዎቹ ጤፉን እየረገጡ ጥቂት እንደዞሩ እማሆይ ወለተ ሥላሴ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ መጡ።

እማሆይ ባላቸውንና ልጆቻቸውን ቀብረው የመነኮሱ ናቸው። ደብራችን ቅጥር ውስጥ አንዲት ጎጆ አለቻቸው። ጥጥ ይፈትላሉ፣ ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ ከየቤቱ ይለምናሉ፣ ቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ይቀመጣሉ። ምላሳቸው ስለታም ነው፤ ቄሶቹም ይፈሯቸዋል። አፈርሳታ ሴት አይጠራምና እሳቸው ሜዳው ላይ አልነበሩም።

«እንዴት አደርክ፣ አንማው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደሩ፣ እማሆይ።»

«ጋቢህ ያምራል።» ቀረብ ብለው ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱት። «ፈትሉን አውቀዋለሁ። የሻረግ ክረምቱን ሙሉ እኔ ጎጆ እየመጣች የፈተለችው ነው። መቼ ደረሰልህ?»

«በዚህ ሰሞን።»

«በዚህ ሰሞን ማለት ረቡዕም ነው፣ ማክሰኞም ነው።»

በሬዎቹን አቆምኳቸው። «ማክሰኞ» አልኩ።

«ማን አመጣው?»

መልሱን እያወቁ ነው የሚጠይቁኝ። እኔም መልሱን እያወቅሁ በሬዎቹን ማየት ያዝኩ። እሳቸው ጠብቀው ጠብቀው አውድማው ዳር ነዶ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲያስ እኔ ልንገርህ። ወንዱ ሁሉ ሜዳ ላይ ሲውል እኔ ሴቶቹ ዘንድ ስንዴ ስለምን ዋልኩ። እነሱን የጠየቃቸው የለማ። ጓንጉል ማክሰኞ ጥሩነሽ ቤት ጠላ ሲጠጣ ቆይቶ የወጣው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፣ ራሷ ነግራኛለች። ደምሌ ግን ከቀትር በኋላ ጋቢህን ይዞ መጥቶ ደጅህ ተቀምጧል። የሻረግ ‹አስቀምጠኸው ሂድ› ብትለው ‹ለብሶት ሳላይ አልሄድም፣ ወርዱ ያጠረ መስሎ ይሰማኛል› አላት። ቆሎ ሰጥታው ሲጠብቅህ ዋለ። ሴቶቹ ወንዙ ላይ ሲጮኹ ደምሌ እዚያው ደጅህ ላይ ነበር፤ ጩኸቱን ሰምቶ አብሯት ነው የወጣው። ይህን የሻረግ አልነገረችህም?»

ነግራኛለች። ማክሰኞ ማታ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ስትጥል ነግራኛለች። አንገቴን ደፋሁ።

«እሽ» አሉ። «ወፏ አንተ ነህ?»

«እኔ…  አይተኸዋል ወይ ሲለኝ አይቻለሁ አልኩ እንጂ…»

«እሱን አይዶለም የምጠይቅህ። የደምሌን ስም መጀመሪያ የጠራው ማን ነው? አንተ ነህ ወይስ ግራዝማች?»

አሰብኩ። ቁጥቋጦው፣ ድንጋዩ፣ ክትክታው። «ግራዝማች ነው።»

እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ካንተ በፊት ሰባት ወንድ ጠይቄያለሁ። ሰባቱም አንድ ነገር ነው ያሉኝ። ስሙን ይዛ የሄደች ወፍ የለችም፣ አንማው። ስሙ የወጣው ከሰሚው አፍ ነው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ ብቻዬን ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር። ሁላችንም እያንዳንዳችን እንደዚያው መስሎን ነበር። እውነቱን ብናገር፣ ሌሎቹም እንደኔ መሆናቸውን ስሰማ ቀለል አለኝ። ያቺን መቅለል ሳስባት ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ዱላውን አይተኸዋል?» አሉ እማሆይ።

«የክትክታውን?»

«ክትክታ ከመቼ ወዲህ ነው የሚይዘው? እኔ ደጀ ሰላም ላይ ዝቅ ብዬ ነው የምቀመጥ፤ ከሰው ፊት ይልቅ እግሩንና ዘንጉን ነው የማውቀው። ያ ሰውዬ እኔ ከመነኮስኩ ጀምሮ ከታች ጫፉ ብረት የገባለት የወይራ ዘንግ ነበር የሚይዘው። እሑድም ይዞት ነበር። ረቡዕ ለቀብር ሲመጣ ክትክታ ይዞ መጣ። ጓንጉልን የገነዙትን ቄስ ጠየቅኋቸው። ቁስሉ ክብ ነው፣ አውራ ጣት ያስገባል አሉኝ። እነዚህ ሁለቱ በወንዙ ዳር የሣር መሬት የተነሣ ስንት ዘመን እንደተካሰሱ ደግሞ አንተም ታውቃለህ።»

ዙሪያውን አየሁ፣ ማንም አልነበረም።

«አሁን ብንነሣ ሳይመሽ ቡሬ እንገባለን» አሉ። «ነገ ገበያ ላይ ነው የሚሰቅሉት። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነገር የለም፤ የሰው ቃል ነው ይዤ የምሄድ። ‹በዚያ ሰዓት እኔ ደጅ ነበር› የሚል የቤቱ ባለቤት ያስፈልጋል። የግራዝማችን ነገር አንተ አታንሣው፣ እሱን ለእኔ ተወው። አንተ ‹ደጄ ነበር› ብቻ በል።»

«እማሆይ፣ ዛሬን ልውቃ። ይኸው ደመናውን እያዩት ነው። ነገ በማለዳ እነሣለሁ።»

ደመናውን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። «የጤፉ ነገር ነው ወይስ የሰው አፍ?»

መንሼን አነሣሁ። የሰው አፍ ነበር። ሐሙስ ዝም ያልኩት ለጤፌ ነው፤ ዐርብ ግን ጤፉ ሰበብ ብቻ ነበር። ሰው ፊት ቆሜ «እኔ በሌለሁበት፣ የሰባት ወር ሙሽራዬ ባለችበት ቤት፣ ሸማኔ ተቀምጦ ዋለ» ልበል? ጠላ ቤት ውስጥ የሚሳቀው ሳቅ ገና ካፌ ሳይወጣ ይሰማኝ ነበር። የሻረግ ምንም እንዳላደረገች እንደ ፀሐይ አውቃለሁ። ግን ሰው ይስቃል። እኔ ያን ሳቅ ከሰው አንገት በላይ ፈራሁት።

የሻረግ ስንቄን ይዛ መጥታ ከኋላችን ቆማ ኖሯል። አገልግሏን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች። «ቆሎ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ያየሁትም እኔ ነኝ።»

«ከዚህ ንቅንቅ ብትዪ» አልኳት «የምትመለሺው ወደ አባትሽ ቤት ነው።»

ይህን ነው ያልኳት። እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። እኔ ግን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

እማሆይ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መቋሚያቸውን አንሥተው ቆሙ። «ገበያው ሳይሞላ ድረስ» አሉኝ። «መንገዱ ዳር እጠብቅሃለሁ።» እኚያ አሮጊት ያን ሁሉ መንገድ ብቻቸውን ሄዱ።

እኔ ወቃሁ። አበራየሁ፣ አነፈስኩ፣ ሰበሰብኩ። ዝናቡ አልመጣም። ከሰዓት ላይ ደመናው ተገፎ ሰማዩ ጠራ፤ እስከ ጥምቀትም ድረስ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ስነሣ የሻረግ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማለች። «ወይ አንተ፣ ወይ እኔ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

ያን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። ግማሹን ሮጥኩ። ገበያተኛው በርበሬውንና ጌሾውን ጭኖ ይሄዳል፣ እኔ እያለፍኩት እሄዳለሁ። አንድ ቦታ ላይ የጣልያን መኪና መጣና ከመንገድ ወጥቼ እስኪያልፍ ተደበቅሁ፤ እዚያም ጊዜ ጠፋ። እየሄድኩ የምናገረውን አጠና ነበር። «ደጄ ነበር። ሴቶቹ ሲጮኹ ደጄ ነበር።» ቀላል ነው። ልጅ ይለዋል። ፀሐይዋ ግን ከፍ፣ ከፍ እያለች ሄደች።

ቡሬ መግቢያ ላይ፣ እንዳሉኝ፣ እማሆይ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ አልተነሡም።

«ደረስክ» አሉ።

ከኋላቸው ገበያው ሞልቷል፣ ነገር ግን የገበያ ድምፅ የለውም። ቀና ብዬ ሳይ ዛፉን አየሁት። ከዚያ በኋላ ቀና አላልኩም።

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ እንዲህ ብለው ነገሩኝ። አስተርጓሚው ደኅና ሰው ኖሮ ቃላቸውን ለሻለቃው አድርሶላቸዋል። ሻለቃውም «ቤቴ ነበር የሚል ባለቤት ካለ ይምጣ፤ ገበያው እስኪሞላ እጠብቃለሁ» ብሏል። ደምሌን እጁን አስረው ከዛፉ ሥር፣ ፊቱን ወደ ወጀት መንገድ አድርገው አስቀመጡት። እማሆይም አጠገቡ ተቀመጡ።

«በመንገዱ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ያይ ነበር» አሉኝ። «ዓይኑ ከሩቅ አያይለትም። ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ‹እማሆይ፣ አንማው ነው፤ የኔ ሥራ ናት፣ አውቃታለሁ› ይለኝ ነበር።»

ምን ልበላችሁ። ያን ቀን አላለቀስኩም። ማልቀስም የሰው ደንብ ነው፣ ለእኔ የሚገባ መስሎ አልታየኝም።

ከሰዓት በኋላ አውርደው ሰጡን። መገነዣ አልነበረንም። እማሆይ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ጋቢውን ስጠኝ» አሉ። አውልቄ ሰጠኋቸው። ከቆባቸው ሥር መርፌና ክር አውጥተው ራሳቸው ሰፉት። ወርዱ አላጠረም። ከራሱ እስከ እግሩ ሸፈነው።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ በደጀ ሰላሙ ሲወጣ፣ እማሆይ ሌሊቱን ተጉዘው ደርሰው ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል። ግራዝማች ክትክታውን ይዞ አጠገባቸው ሲደርስ ቀና ብለው አዩት።

«ግራዝማች» አሉት፣ ሁሉ እየሰማ። «ያ ወይራ ዘንግዎ የት ገባ?»

«ተሰበረ፣ እማሆይ።»

«ምን ላይ?»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ግራዝማች ክትክታውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ሕዝቡ ቆሞ ዱላውን አየ፤ ከዚያ ፊቱን አየ። ያ ሁሉ ወንድ፣ ስሙን ከግራዝማች አፍ የሰማ ሁሉ፣ ያኔ ነው እርስ በርሱ የተያየ። አንድም ግን የተናገረ የለም። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ግራዝማች በዚያው ሳምንት ከብቱን ነድቶ ወደ ቡሬ፣ ወደ ጣልያኑ ጥላ ገባ።

ጣልያን ወጥቶ አገር ከተረጋጋ በኋላ የደምሌ ሚስት ወጀት ላይ ግራዝማችን ከሰሰች። እማሆይ ያን ጊዜ አርፈዋል። ዳኛው «ምስክር አለሽ ወይ?» ብለው ሲጠይቋት፣ ከሕዝቡ መካከል ተነሣሁ። የሻረግም አብራኝ ተነሣች። ደጄ ነበር አልኩ። ስሙን ያወጣው ራሱ ግራዝማች ነው አልኩ። እኔ ደግሞ እያወቅሁ ዝም አልኩ አልኩ። ከእኔ ቀጥሎ አንድ ሌላ ሰው ተነሣ፣ ቀጥሎም ሌላ። ያን ሁሉ ዘመን የፈራሁት ነገር አንድ ዋንጫ ውኃ ጠጥቶ የመጨረስ ያህል ጊዜ ብቻ ፈጀ። ማንም አልሳቀም። ግራዝማችም የሚገባውን ፍርድ አገኘ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እኔን ለማጽናናት አትቸኩሉ። «ጊዜው ክፉ ነበር፣ ልጅ ነበርክ፣ ብትሄድም ጣልያን መች ይሰማህ ነበር» የሚለውን ሁሉ ለራሴ ብዬዋለሁ። ሻለቃው ግን ጠብቆኛል። ጠላት እንኳ እስከ ቀትር ጠብቆኛል። ደምሌን የጠላሁት ቀን የለም፤ ቢያገኘኝ ሰላም እለዋለሁ፣ ሥራውንም አመሰግናለሁ። የተሰቀለው እኔ ስለጠላሁት አይደለም፣ ሥራ ስለበዛብኝ ነው፤ ሰው እንዳይስቅብኝም ስለፈራሁ ነው። ሰው ላይ ነገር ሲወራ ቸኩላችሁ ወደ ጉዳያችሁ መሄድ ሲያምራችሁ፣ እኔን አስታውሱኝ። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው።

ደምሌ ሁለት ጊዜ ጠብቆኛል። ማክሰኞ ጋቢውን ለብሼ ሊያየኝ ደጄ ላይ፣ ቅዳሜ ደግሞ ዛፉ ሥር። በሁለቱም ጊዜ እኔ ከጤፌ ዘንድ ዘገየሁ።

ያን ቀን ከችሎቱ ስንወጣ የደምሌ ሚስት ተከትላኝ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ቆምኩ፤ እንድትሰድበኝም ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆየችና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«አንማው፣ ጋቢው ልክህ ነበር? ወርዱ ያጠረ መስሎት ተጨንቆ ነበር። ለብሶት ሳላየው አልመለስም ብሎኝ ነበር የወጣው።»

«ልኬ ነበር» አልኳት።